ነጎድጓድ ሲሰማ እረኛው ከብቱን ትቶ ይምጣ

በጎንደር ዙሪያ ባሉ የገጠር ወረዳዎች በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት፣ ከወባ፣ ከሳንባ ምችና ከወሊድ ችግር ሌላ ሳላስበው የሥራዬ አካል የሆነ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ነጎድጓዳማ ወጀብ በሰውና በከብት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ጉዳቱ በየመንደሩ አንዳንድ እየሆነ ስለሚደርስ እንደ ወረርሽኝ አይቆጠርም፤ አብዛኛውን ጊዜም የፈጣሪ ቁጣ ነው ተብሎ፣ ለቅሶ ተደርሶ፣ ተዝካሩ ወጥቶ ይታለፋል። በሰው እምነት ላይ ክርክር የለኝም፤ እኔም በዚያው እምነት ያደግሁ ነኝ። ሆኖም በዓይኔ ካየኋቸውና ከቤተሰብ አንደበት ከሰማኋቸው አደጋዎች የሚበዙት፣ የተጎዳው ሰው ከቦታው ጥቂት ቀደም ብሎ ተነሥቶ ቢሆን የማይደርሱ ነበሩ። ብዙዎቹም አደጋ መኖሩን ያውቃሉ፤ ሥራውን ወይም ከብቱን ጥለው ለመሄድ ፈቃድ ያላቸው ስላልመሰላቸው ግን እዚያው ይቀራሉ። ይህን የምጽፈው በደምቢያ፣ በወገራ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በጭልጋና በአርማጭሆ ልጆቻቸውን ለጥበቃ ለሚያሰማሩ ወላጆች፣ ለገጠር መምህራንና ለጤና ኤክስቴንሽን ባልደረቦቼ ነው።

ብዙ ሰው መብረቅ የሚያሠጋው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ይመስለዋል። በእነዚህ ወራት ነጎድጓድ መብዛቱ እውነት ነው፤ እኔ አብልጬ የምፈራው ግን ከክረምቱ በፊት ያሉትን ሚያዝያንና ግንቦትን፣ እንዲሁም ክረምቱ ሲወጣ መስከረምን ነው። ፀሐይ በሚያዝያ አጋማሽ ገደማ በጎንደር ሰማይ አናት ላይ ታልፋለች፤ ምድሩም ከረጅሙ በጋ የተነሣ ደርቆ ስለሚቆይ በቀትር እጅግ ይግላል። በዚህ ላይ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ አየርና ከጣና የሚነሣው እንፋሎት ይጨመርበታል። ምድራችን ደግሞ በሐይቁ ዳርቻ ከ1,800 ሜትር ገደማ ተነሥቶ፣ ጎንደር ከተማ ላይ 2,000 ሜትርን አልፎ፣ በሰሜን ተራሮች ከ4,500 ሜትር በላይ የሚደርስ በመሆኑ የሞቀውን አየር ወደ ላይ ይገፋዋል። ጠዋት ጥርት ብሎ የነበረው ሰማይ ከቀኑ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥሩ የጠቆረ፣ አናቱ የተንጣለለ ደመና የሚሸከመው በዚህ ምክንያት ነው። በደመናው ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች ሽቅብና ቁልቁል ሲመላለሱ ይላተማሉ፤ ከግጭታቸውም የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ይፈጠራል፤ ይህ ሙል አየሩ ሊያግደው ከሚችለው በላይ ሲሆን መብረቅ ሆኖ ይወጣል። መብረቁ የሚያልፍበት መስመር ለቅጽበት ወደ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል፤ ነጎድጓድ የምንለውም በዚህ ግለት የተነሣ አየሩ በድንገት ሲለጠጥ የሚሰማው ድምፅ ነው።

በሐምሌ ሰው ዝናብ እንደሚመጣ አውቆ ይውላል፤ ጉዳዩን በጠዋት ይጨርሳል፤ ቡሉኮውንም ይዞ ይወጣል። በግንቦት ግን ገበሬው እርሻ ላይ፣ ከብቱ የደረቀ ሜዳ ላይ፣ ገበያተኛው መንገድ ላይ ሳለ ነው ወጀቡ የሚደርሰው።

ነገሩን በሚገባ የሚያስረዳልኝ በአንድ የግንቦት ቀን በደምቢያ ሜዳ ያየሁት ነው። ከአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ለሕፃናት ክትባት ስንዞር ውለን፣ የክትባቱን ሣጥን ይዘን ወደ ጥርጊያው መንገድ እየተመለስን ነበር። ከምሥራቅ፣ ከጎንደር ተራሮች በኩል፣ ደመናው ጠቁሮ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ይመጣል፤ እኛ ባለንበት ግን ፀሐይ ነበረች፤ አንዲት ጠብታም አልወረደችም። የመጀመሪያው ነጎድጓድ ከሩቅ ሲያጉረመርም ባልደረባዬ የዚያው አገር ልጅ ናትና፣ «ሲስተር፣ መንደሩ ሳንደርስ ይይዘናል፤ አይሱዙው ጋ እንሂድ» አለችኝ። እህል ሊጭን የመጣ አይሱዙ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ነበር። ሹፌሩም «ግቡ፣ ግቡ!» ብሎ በሩን ከፈተልን፤ መስኮቶቹን ዘግተን ጋቢና ውስጥ ተቀመጥን።

ሜዳው ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ በመካከሉ አንድ ትልቅ ሾላ ብቻ ይታያል። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ፤ ሙቀቱ በአንድ ጊዜ ተለወጠ፤ አቧራውም ተነሣ። ያ ቀዝቃዛ ነፋስ ከደመናው ሆድ ወደ ታች የወረደና ከዝናቡ ቀድሞ የደረሰ አየር ነው፤ እርሱ ከነፈሰ በኋላ የሚቀረው ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ ነው። እርሻ ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ወዲያው በሬዎቻቸውን ከቀንበሩ ፈትተው ለቀቁና ሞፈሩን እንደተጋደመ ትተው ወደ መንደር ገሠገሡ። ሦስት እረኞች ግን ከብቶቹ ወደ ሾላው ሲሰበሰቡ አብረው ሄዱ። ሹፌሩ ክላክሱን ደጋግሞ ነፋ፤ እኛም መስኮቱን በጥቂቱ ዝቅ አድርገን ተጣራን። ከሦስቱ አንዱ ሮጦ መጣ። ሁለቱ ወደ እኛ ጥቂት ከመጡ በኋላ ዞር ብለው ከብቶቹን አዩና ተመለሱ። ዝናቡ ገና በርትቶ ሳይጥል መብረቁ ዛፉ ላይ ወረደ፤ ብርሃኑና ድምፁ አንድ ላይ ነበሩ።

ዋልካው ገና ስላልረጠበ ሹፌሩ መኪናውን በማሳው አቋርጦ እስከ ዛፉ አቅራቢያ ነዳው። ከዛፉ ሥር የነበሩት ላሞችና በሬዎች በያሉበት ወድቀዋል። ትልቁ ልጅ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ እግሮቹ አልታዘዝ ብለውታል። ታናሹ በጀርባው ተንጋሎ አይተነፍስም፤ የልብ ምቱም አይገኝም። ከዛፉ አርቀን አስተኛነውና ባልደረባዬ ደረቱን ስትጫን እኔ በአፌ ትንፋሽ እሰጠው ጀመር። የልብ ምቱ ቶሎ ተመለሰ፤ ትንፋሹ ግን አልተመለሰም። ስለዚህ እርሱ ራሱ ማቃሰት እስኪጀምር ድረስ ትንፋሽ መስጠቱን ቀጠልኩ። በዚህ መካከል ከመንደሩ ሰዎች ደረሱ፤ አፈር እናልብሰው፣ እስከ አንገቱ እንቅበረው የሚሉ ነበሩ። ባልደረባዬ እጇን ከልጁ ሳታነሣ፣ «አባባ፣ እባክዎ ጥቂት ይታገሡን፤ ልጁ በሕይወት አለ» ብላ አንዱን ሽማግሌ ለመነቻቸው፤ እርሳቸውም ሌላውን ሰው አቆሙልን። ሁለቱም ልጆች በዚያው አይሱዙ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ጎንደር ተወሰዱ፤ ሁለቱም ዳኑ።

ማታ ትልቁን ልጅ ስንጠራህ ለምን ተመለስክ ብዬ ጠየቅሁት። «አባቴ ከብቱን ጥለህ መጣህ ብሎ ይቆጣኛል ብዬ ነው» አለኝ። አባትየው አጠገቡ ነበሩ። «ልጄ፣ እኔ መቼ እንዲህ አልኩህ?» አሉና ዝም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እንዲህ ብለውት አያውቁም። ነጎድጓድ ሲመጣ ትተህ ና ብለውትም አያውቁም። ልጁ የሚያውቀው ከብት እህል ውስጥ ሲገባ ወይም አንዲት ጥጃ ስትጠፋ የሚደርስበትን ብቻ ነው፤ በዚያች ቅጽበትም በዚያው በሚያውቀው ፈረደ።

ከብቶቹ እንዴት በአንድ ጊዜ እንደወደቁ ብዙ ሰዎች ጠይቀውኛል፤ መልሱ ለሰውም ስለሚጠቅም በደንብ ላብራራው። መብረቅ ዛፍ ሲመታ በግንዱ ወርዶ መሬት ውስጥ ገብቶ አይጠፋም። ኩሬ ላይ ድንጋይ ሲወድቅ ውኃው ዙሪያውን እየሰፋ እንደሚሄድ፣ ኤሌክትሪኩም በመሬቱ ላይ ከዛፉ ሥር ወደ ዙሪያው ይሰራጫል። በዚያ አፈር ላይ የቆመ ፍጥረት አንዱ እግሩ ለዛፉ ሲቀርብ ሌላው ይርቃል፤ ኤሌክትሪኩም በአንዱ እግር ገብቶ በሌላው ይወጣል። የላም የፊትና የኋላ እግሮች በጣም የተራራቁ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ደግሞ ልብ ነው። ከብት ከሰው ይልቅ በብዛት የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሰውም ቢሆን እግሩን አንፈራጥጦ ከቆመ ወይም መሬት ላይ ከተጋደመ የከብቱ ዓይነት አደጋ ይደርስበታል። ከዚህም ሌላ መብረቁ ከግንዱ ዘልሎ በአቅራቢያው ያለውን ሰው ሊመታ ይችላል። ስለዚህ በሜዳ ላይ ብቻውን ከቆመ ሾላ፣ ዋርካ ወይም ባሕር ዛፍ ሥር መጠለል ዝናቡን ጥቂት ቢያስቀርም ለመብረቁ ራስን ማቅረብ ነው። ከከብቶቹ መካከል ተጠግቶ መቆምም እንደዚሁ ነው።

ስለ ጊዜው የማስተምረው ሁለት ነገር ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ብልጭታው ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ የሚያልፈው እያንዳንዱ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ነው። በዝግታ እስከ ሠላሳ ሳይቆጠር ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ የሚቀጥለውም እኛ ባለንበት ሊወርድ ይችላል። ለሕፃናት ግን ቁጥር አላበዛባቸውም፤ ነጎድጓዱን ከሰማህ ሂድ እላቸዋለሁ፤ ድምፁ የሚሰማበት ርቀትና መብረቁ የሚደርስበት ርቀት የተቀራረበ ነውና። ሁለተኛው የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ መቆየት ነው። ዝናቡ አባራ፣ ፀሐይ ወጣች ተብሎ ቶሎ ወደ ማሳ መመለስ ብዙ ሰው ጎድቷል፤ መብረቅ ከደመናው ጠርዝ ርቆ ደረቅ መሬት ላይም ይወርዳልና።

ወዴት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ በገጠራችን ቀላል መልስ የለውም። ከሁሉ የሚሻለው የኤሌክትሪክ መስመርና የውኃ ቧንቧ የገባበት ትልቅ ሕንፃ ነው፤ ቀጥሎ ጣራውና ጎኑ ብረት የሆነ፣ በሩና መስኮቱ የተዘጋ መኪና ነው። መኪና የሚያድነው በጎማው አይደለም፤ ብረቱ ኤሌክትሪኩን በውጭ በኩል ዙሮ ወደ መሬት እንዲያልፍ ስለሚያደርግ ነው፤ በዚህም ምክንያት ውስጥ ያለ ሰው ብረቱን መንካት የለበትም። ባጃጅና ሞተር ብስክሌት ግን ከለላ አይሆኑም። የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣራ ያለው ቤት ከሜዳና ከዛፍ ሥር ይሻላል፤ ሙሉ መከለያ ግን አይደለም፤ ጣራው ቢመታ ኤሌክትሪኩ በሰላም ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ የለውምና። በእንዲህ ያለ ቤት፣ በሣር ክዳን ጎጆም ቢሆን፣ ከምሰሶው፣ ከግድግዳውና ከበሩ ራቅ ብሎ፣ እግርን አጋጥሞ መደብ ላይ መቀመጥ ይገባል። የሣር ጎጆ በመብረቅ እሳት ሊነሣበት ስለሚችል መውጫው በዕቃ አይዘጋ። ስልክ ቻርጅ ላይ ከተሰካ ይነቀል፤ ተሰክቶ ሳለ ማናገሩ አደገኛ ነው። ያልተሰካ ተንቀሳቃሽ ስልክ ግን መብረቅ አይስብም፤ አጥፉት እየተባለ ሰው እርዳታ ሳይጠራ ሲቀር አይቻለሁና ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ቀይ ልብስ መብረቅ ይስባል የሚባለውም፣ የላስቲክ ጫማ ያድናል የሚባለውም መሠረት የላቸውም፤ የላስቲክ ጫማው በተለይ ሰውን በከንቱ ስለሚያደፋፍር ጉዳቱ ይብሳል።

በወገራና በደባርቅ በኩል ያሉ እረኞች በገደል ሥር ባለ ጥልቀት የሌለው ዋሻ ወይም በተንጠለጠለ ቋጥኝ ሥር መጠለል ያዘወትራሉ። ኤሌክትሪኩ በቋጥኙ ላይ ሲወርድ በዋሻው አፍ ላይ ዘልሎ ሊያልፍ ስለሚችል ይህ ቦታ አያስተማምንም። ከጉብታ መውረድ፣ ከሽቦ አጥር መራቅ፣ በትከሻ የተሸከሙትን ዶማና የዘረጉትን ጃንጥላ ማውረድ፣ በቅሎ ላይ ያለ ሰውም መውረድ ተገቢ ነው። ብዙ ሰዎች አብረው ከሆኑ አንዱ ቢመታ ሌሎቹ እንዲረዱት ተራርቀው ይሂዱ። ቁጭ ብሎ እግርን ገጥሞ መጠበቅ የሚባለው ምክር ምንም መጠለያ በሌለበት የሚደረግ የመጨረሻ ነገር ነው፤ መንደር መድረስ የሚችል ሰው መንገዱን መቀጠል ይሻለዋል። ወንዝ መሻገር ካለበት ግን ይቁም፤ እርሱ ዘንድ ሳይዘንብ ተራራው ላይ የጣለው ዶፍ መገጭንና ገባሮቹን በድንገት ሊሞላቸው ይችላል።

አብያተ ክርስቲያናቶቻችን ከፍ ባለ ቦታ፣ በረጃጅም ጽድና ዝግባ መካከል የሚሠሩ በመሆናቸው ለመብረቅ የተጋለጡ ናቸው። በከተማችን ታላቁ ኢያሱ ያሠሩት የመጀመሪያው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1707 በመብረቅ እንደጠፋ ይነገራል። ዛሬ ጣራ በቆርቆሮ ሲታደስ ወይም ትምህርት ቤት ሲሠራ የመብረቅ መከላከያ አብሮ እንዲተከል ሰበካ ጉባኤውና የወላጅ ኮሚቴው ቢጠይቁ መልካም ነው። መከላከያው በጣራው አናት ላይ የሚቆም ዘንግ፣ ከእርሱ የሚወርድ ወፍራም የመዳብ ሽቦና በጥልቀት የተቀበረ የመሬት ማያያዣ አለው። ሦስቱ ካልተገናኙ ግን ዘንጉን ብቻ መትከል ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ ስለዚህ በባለሙያ ይሠራ።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ። መብረቅ የመታውን ሰው መንካት አያስይዝም፤ በሰውነቱ ውስጥ የቀረ ኤሌክትሪክ የለም። ይህን የማያውቁ ዘመዶች ቆመው ሲያለቅሱ ውድ ደቂቃዎች ያልፋሉ። መብረቅ ከመታቸው ሰዎች አብዛኞቹ ይተርፋሉ፤ የሚሞቱት በአመዛኙ ልባቸውና ትንፋሻቸው ወዲያው የቆመባቸው ናቸው። ልብ ብዙ ጊዜ በራሱ ኃይል መምታት ይጀምራል፤ ትንፋሽን የሚያዝዘው የአንጎል ክፍል ግን ዘግይቶ ስለሚነቃ አየር ያጣው ልብ እንደገና ይቆማል። በደምቢያ ለልጁ ትንፋሽ መስጠቱን ያላቋረጥኩት ለዚህ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰዎች በአንድ ላይ ከተመቱ የሚጮኸውንና የሚያቃስተውን ጥቂት አቆይቶ፣ ዝም ያለውን፣ የሞተ የሚመስለውን ቀድሞ መርዳት ያስፈልጋል። የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ብርሃን ባይቀበልም እንኳ ሞቷል ብሎ መተው አይገባም፤ መብረቅ እንዲህ ያለ ምልክት በሕይወት ባለ ሰው ላይም ያሳያል።

አደራረጉ ይህ ነው። የማይተነፍሰው ሰው በጀርባው ይተኛ። ከዚያ በደረቱ መካከል፣ በጡቶቹ መሐል ባለው አጥንት ላይ፣ በመዳፍ ሠላሳ ጊዜ ጠንከርና ፈጠን እየተደረገ ይጫን፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ጥልቀቱ ለአዋቂ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ቀጥሎ አገጩ ወደ ላይ ይቅና፤ አፍንጫው ተይዞ በአፉ ሁለት ትንፋሽ ይሰጠው፤ ደረቱ ከፍ ማለቱ ይታይ። ሠላሳ መጫንና ሁለት ትንፋሽ እየተፈራረቁ ይቀጥላሉ፤ የደከመውን ሌላው ይተካው። የልብ ምቱ ተመልሶ ትንፋሹ ከቀረ ትንፋሹ ብቻ ይቀጥል። ሌላ ሰው ደግሞ ወደ ቀይ መስቀል 907 ወይም ወደ ወረዳው አምቡላንስ ይደውል። አፈር ማልበስ፣ መቅበር፣ ራሱን ለሳተ ሰው ወተት ወይም ውኃ ማጠጣት ይቅር፤ የመጀመሪያዎቹ ጊዜ ያባክናሉ፤ የኋለኛው ሳንባ ውስጥ ይገባል።

የነቃውም ሰው ቢሆን ጤና ጣቢያ ሳይታይ ወደ ቤቱ አይመለስ። እግሮቹ ቀዝቅዘው፣ ጠቁረው፣ አልታዘዝ ሊሉት ይችላሉ፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይመለሳል፤ ስለዚህ ሽባ ሆነ ተብሎ ቤተሰቡ አይሸበር። በቆዳው ላይ ቅርንጫፍ ያለው ቀይ ሥዕል ሊታይ ይችላል፤ እርሱም በአንድ ቀን ገደማ ይጠፋል። የጆሮ ታምቡር መቀደድ የተለመደ ነው። እርጉዝ ከሆነች ጽንሱ መታየት አለበት። ከሳምንታት በኋላ እንቅልፍ ማጣት፣ ራስ ምታት፣ መርሳትና ብስጭት የሚመጣባቸው አሉ፤ ጋኔን ያዘው ተብሎ እንዳይጉላሉ ለቤተሰብ አስቀድሞ መንገር ይጠቅማል።

ስለ ነፋሱም ልናገር። በአሜሪካ ዳላስ የሚኖረው ወንድሜ ቶርኔዶ ስለሚባለው አውሎ ነፋስ ደጋግሞ ይነግረኛል፤ ከነጎድጓዳማ ደመና ሥር እየተሽከረከረ መሬት የሚነካ፣ በዚያ አገር በዓመት ከ1,000 በላይ ጊዜ የሚከሰት፣ ብርቱው በሰዓት ከ322 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስ ነው። ከነገረኝ ሁሉ የወደድኩት የማስጠንቀቂያቸውን ሥርዓት ነው። ሁለት ደረጃ አለው፤ የመጀመሪያው አየሩ ለአደጋው የተመቸ ነውና ተዘጋጁ ይላል፤ ሁለተኛው ታይቷል፣ አሁኑኑ ተሸሸጉ ይላል። ሁለተኛው ሲመጣ ማንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ባለሱቁም ተማሪውም ያለውን ጥሎ ወደ ታችኛው ፎቅ፣ መስኮት ወደሌለው ክፍል ይገባል። በታሪክ እጅግ ብዙ ሰው የፈጀው ቶርኔዶ የደረሰው ግን አሜሪካ አይደለም፤ በባንግላዴሽ በ1989 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን 1,300 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ በዚያ የነበሩት ደካማ የገጠር ቤቶች ነበሩ።

በእኛ አገር በበጋ ሜዳ ላይ አቧራ እያሽከረከረ የሚነሣው ነፋስ በጠራ ሰማይ ከመሬት ሙቀት የሚወለድ እንጂ ቶርኔዶ አይደለም። ጣራ የሚገነጥለው አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት፣ ከደመናው ወደ ታች ወርዶ መሬት ሲነካ ወደ ጎን የሚወረወረው ነፋስ ነው። የተገነጠለ ቆርቆሮ አየር ላይ እንደ ስለት ይቆርጣል፤ እንዲህ የቆሰሉትን ሰፍቻለሁ። ወራጁ ከቋሚው ጋር በሚስማር ብቻ ሳይሆን በሽቦ ታስሮ፣ በጣራው ጠርዝ ያለው ሚስማር ቀረብ ቀረብ ተደርጎ ቢመታ ብዙ ይረዳል። ነፋሱ ሲመጣ በርና መስኮት ይዘጋ፤ ወደ ውስጥ የገባ ነፋስ ጣራውን ከሥር ይገፋዋልና። ጣራ ላይ የሚጫነው ድንጋይ ግን ቆርቆሮው ሲነሣ በሰው ላይ ይወርዳል።

በረዶን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ ራስን በስልቻ፣ በቅርጫት ወይም በተጣጠፈ ጋቢ መከለል፣ ዛፍ ሥር ግን አለመግባት። ሰብሉ በመስከረም ከወደመ ዋልካ መሬት ያለው ሰው እርጥበቱ ሳይጠፋ ሽምብራ ወይም ጓያ ሊዘራበት ስለሚችል የግብርና ባለሙያውን በቶሎ ያማክር። በጎርጎራና በጣና ዳርቻ ላሉ ታንኳ ቀዛፊዎች ደግሞ የሐይቁ ወጀብ በአብዛኛው በሌሊት እንደሚነሣ፣ የየብሱ ግን ከቀትር በኋላ እንደሚበረታ ላስታውስ፤ በየብስ ላይ ማታ ሰማዩ ስለጠራ ሐይቁ ላይም ሰላም ነው ማለት አይቻልም።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የዕለት፣ የአሥር ቀንና የወቅት ትንበያ ያወጣል፤ በሬዲዮም ይነገራል። ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ ይጠበቃል ሲባል ያን ቀን የሩቁ ሜዳ ቀርቶ ከብቱ በመንደሩ አቅራቢያ ቢሰማራ ይበቃል። ትንበያው የትኛው ማሳ ላይ እንደሚወርድ አይነግረንም፤ የመጨረሻው ውሳኔ ሜዳ ላይ ባለው በእረኛው እጅ ነው።

ስለዚህ ከዚያ የግንቦት ቀን ወዲህ በዕድርና በወላጆች ስብሰባ ላይ ስገኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ አባትና እናት ልጃቸውን በጠዋት ሲያሰማሩ «ነጎድጓድ ከሰማህ ከብቱን ትተህ ና፤ አልቆጣህም» ብለው በአፋቸው እንዲነግሩት። መጀመሪያ ላይ ተቃውሞ ይነሣል፤ ከብቱ እህል ውስጥ ቢገባ ማን ሊከፍል ነው ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ልጁ የሚፈራውም ይህንኑ ነው። በአንድ ቀበሌ ሽማግሌዎቹ ለብዙ ሰዓት ከተመካከሩ በኋላ ነጎድጓድ በተሰማበት ሰዓት እህል ውስጥ ለገባ ከብት ባለከብቱ ካሣ እንዳይጠየቅ፣ እረኛውም እንዳይመታ፣ ማንኛውም ትልቅ ሰው የማንንም ልጅ ጠርቶ ወደ ቤቱ እንዲያስገባ ተስማሙ። ልማደኛ ልጆች ሰበብ ያደርጉታል ያሉም ነበሩ፤ ለእነርሱ ነገሩን ሽማግሌ እንዲያየው ተባለና በዚያው ተጻፈ።